ስለ አእምሮ ሕመምተኛና ስለ ጎረቤት ዕዳ

የአገራችን ሰው ብዙ ነገር ቢጐድለው ሕመምተኛ መጠየቅ አልጐደለውም። ጎረቤቱ በወባ ወይም በተስቦ ተይዞ የተኛ እንደ ሆነ፥ የተጣላው እንኳ ቢሆን ቂሙን ወደ ጎን ትቶ «እግዜር ይማርህ» ለማለት ወደ ቤቱ ይገባል። ሴቶቹ አጥሚት ይዘው ይመጣሉ፤ ወንዶቹ ማሳው ጦሙን እንዳያድር በደቦ ያርሱለታል፤ ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ሌሊትም ተራ ገብቶ የሚያስታምመው አይታጣም። ሕመምተኛው ሁለት ወር ሦስት ወር ቢተኛ፥ በተነሣ ጊዜ በማኅበሩ የሚቀመጥበት ወንበር፥ በገበያ የሚነግድበት ደጃፍ፥ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የሚቆምበት ስፍራ እንደ ነበረ ይቈየዋል። «አንተ ታመህ ነበርና ከእንግዲህ ወዲህ ከሰው አትቈጠርም» የሚለው የለም።

ነገር ግን የዚያው ጎረቤት ሕመም ከሆዱ ወይም ከሳንባው መሆኑ ቀርቶ ከአእምሮው የመጣ እንደ ሆነ፥ ይህ ሁሉ ደግነት በአንድ ቀን ይቋረጣል። አጥሚት የሚያመጣ አይኖርም። ጠያቂው ከበሩ ይቀራል፤ ወሬው ግን በየቤቱ ይገባል። ትናንት በአባቱ ስም ጭምር ይጠራ የነበረው ሰው ዛሬ «ዕብዱ» ይባላል። ልጆች ድንጋይ ይዘው ይከተሉታል፤ ትልልቆቹም ልጆቹን በመቈጣት ፈንታ ቆመው ይስቃሉ። ዛሬ ደግሞ በድንጋዩ ላይ ስልክ ተጨምሯል፤ ራቁቱን የሚሄደውን ሰው በስልካቸው ቀርጸው አገር እንዲስቅበት የሚያሰራጩ ወጣቶች አሉ።

በዚህ ጽሑፍ ላቀርበው የምፈልገው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ አእምሮው ለታመመው ጎረቤታችን ያለብን ዕዳ ምንድር ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን በኋላ ልዘርዝር። ሕመሙ ከሰውዬው የወሰደውን መመለስ የእግዚአብሔርና የሐኪም ሥራ ነው። ሕመሙ ያልወሰደበትን እኛ እንዳንወስድበት መጠንቀቅ ግን የእኛ ሥራ ነው። በተስቦ ለተያዘው ቦታውን እንደምንጠብቅለት ሁሉ፥ አእምሮው ለታመመውም ቦታውን ልንጠብቅለት ይገባል። ዕዳችን ይህ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስም በሚገባ አልከፈልነውም።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንነጋገር። ብዙ ሰው አእምሮ ከሥጋ ፈጽሞ የተለየ ነገር ስለሚመስለው፥ ሥጋ ሲታመም ያዝናል፥ አእምሮ ሲታመም ግን ይፈራል። ነገር ግን አእምሮ የሚሠራው በአንጎል ነው፤ አንጎልም እንደ ልብና እንደ ጉበት የሥጋ ክፍል ስለ ሆነ ሊታመም ይችላል። ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ ብለው የሚጠሩት ሕመም የያዘው ሰው፥ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ዘመድ አዝማድ ሊያጠፋው የተማከረበት ይመስለዋል፤ ሐሳቡ እንደ ተበጠሰ ክር እየተቋረጠ ንግግሩ ለሰሚው አይገጥምም። ባይፖላር የሚባለው ሕመም ደግሞ ሰውን ለሳምንታት እንቅልፍ ነሥቶ ከልክ በላይ ያስፈነድቀዋል፥ ገንዘቡንም ያስበትነዋል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ ከአልጋው ለመነሣት አቅም እስኪያጣ ድረስ በኀዘን ይጥለዋል። በነዚህ ሁሉ መካከል ሕመምተኛው እንደ እኛው በደኅና የሚውልባቸው ቀኖች፥ ወሮችና ዓመቶችም አሉ።

የነዚህ ሕመሞች ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ከወላጅ የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ ከባድ መከራና ኀዘን የሚያስነሣው አለ፤ የሚያሰክር ዕፅ የሚያባብሰው አለ። ሰው ወዶና መርጦ የሚገባበት ግን አይደለም። ወጣት አንባቢዎቼም ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በሽማግሌነት ዘመን ሳይሆን ሰው ትምህርቱን ሲፈጽም፥ ሥራ ሲይዝ፥ ትዳር ሲያስብ፥ ይኸውም በእናንተ ዕድሜ ነው። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ከጎናችሁ ተቀምጦ ስለሚማረው ጓደኛችሁ ነው።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ በሕመምተኛው ላይ ለምን ይሳቃል? «ዕብድና ብርድ ያስቃል በግድ» የሚል ተረት አለን። ተረቱ የተነገረው ለቀልድ ቢሆንም፥ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው ትልቅ እውነት ተደብቆበታል። ብርድ የሚያስቀው ሳቅ የደስታ ሳቅ እንዳይደለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥርስ መንቀጥቀጡ ነው። በዕብድ ላይ የምንስቀውም ሳቅ እንደዚሁ ነው። ደስ ብሎን አንስቅም፤ ፈርተን ነው። በእኛና በእርሱ መካከል ያለው ድንበር የመሰለንን ያህል ወፍራም እንዳይደለ ልባችን ያውቃልና፥ በሳሳው ድንበር ላይ የሳቅ አጥር እናጥርበታለን። የሚስቀው ሰው «እኔ ከዚያ ማዶ ነኝ» ማለቱ ነው።

ይህ አጥር በቋንቋችን ውስጥ እንኳ ገብቷል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበረ። እዚያ የተሠራው የምሕረት ሥራ ብዙ ሆኖ ሳለ፥ ሰው ግን የሆስፒታሉን ስም ለስድብ አዋለው። ጓደኛውን ሊያላግጥበት የፈለገ ሁሉ «ይኼስ አማኑኤል መግባት አለበት» ይላል። አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ ክርስቲያን ጥቂት ነው። ከእኛ ጋር ማለት የሆነውን ስም ወስደን «ይህ ሰው ከእኛ ጋር አይደለም» ለማለት ተጠቀምንበት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁን ወደ ሐኪም መውሰድ የሚገባት እናት የሆስፒታሉን ስም በሰማች ጊዜ የምትሸማቀቀው በዚህ በእኛ ቀልድ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ከአፍ ወሬ ይልቅ ተመርምሮ የተጻፈውን ማየት ይሻላል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቡታጅራና በአካባቢዋ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በጀመሩት ጥናት፥ ከ68000 የሚበልጥ ሕዝብ ቤት ለቤት ጠይቀዋል። ስኪዞፍሬንያ ከ1000 ሰው መካከል 5 ያህሉን እንደሚይዝ ያገኙት ከዚህ ጥናት ነው፤ የባይፖላርም ቍጥር ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ከዘመናዊ ኑሮ ርቆ በሚያርሰው ገበሬ ዘንድም ሕመሙ አለና፥ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ ሰዎች መልሳቸውን ከዚያ ያገኛሉ።

ከዚሁ ጥናት ጋር የሕመምተኞቹ ዘመዶች ተጠይቀው፥ መልሳቸው በአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር በ2001 ታትሟል። ከተጠየቁት ከ100ው 75ቱ፥ በቤታቸው የአእምሮ ሕመምተኛ በመኖሩ ሰው እንደሚያገላቸው ተናገሩ። ከ100ው 37ቱ ደግሞ ነገሩን ሊደብቁ ይፈልጉ ነበር። ይህ ቍጥር በየቤቱ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። ልጁ የት እንዳለ ሲጠየቅ «አጎቱ ዘንድ ሄዷል» ይባላል፤ እርሱ ግን በጓዳ ነው። የእኅቱ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሲሉ ቤተ ሰቡ ይሸበራል፤ «ዘራቸው እንዲህ ነው» የተባለ እንደ ሆነ ጋብቻው ይፈርሳልና። እንግዲህ አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትን ተረት እኛው ለሌላው እንተርታለን፤ በሽታውን እንዲደብቅ የሚያስገድደው ግን የእኛው ዓይን ነው።

የመደበቅና የመገለል ፍሬውም ቀላል አይደለም። በቡታጅራ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ10 ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው ነበር። ውጤቱ በአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር በ2015 ሲታተም፥ ከመካከላቸው 121 ሞተው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። ምን ገደላቸው? ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ሌሎቹ ራሳቸውን በማጥፋት፥ በአደጋ፥ በሰው እጅም ሞተዋል።

ይህን ቍጥር ቆም ብላችሁ እንድትመለከቱት እለምናችኋለሁ። ዕብደት ብቻውን ሳንባ አያቈስልም፤ ትኩሳትም አያመጣም። ተላላፊ በሽታ እኛንም ይይዘናል፤ ነገር ግን እኛን ሲይዘን ግንባራችንን ዳስሶ «ትኩሳት አለህ፥ ተነሥ ጤና ጣቢያ እንሂድ» የሚል ሰው አለን። ያ ሰው ግን ትኩሳት ሲይዘው የሚዳስሰው የለም፤ ቢያቃስትም «ዕብደቱ ተነሥቶበት ነው» ይባላል። እንግዲህ ከሠላሳው ዓመት ውስጥ ብዙውን የወሰደው የአእምሮው ሕመም ብቻ ነው ለማለት አንችልም። ጠያቂ ማጣቱ፥ የሚያበላው ማጣቱ፥ ወደ ሐኪም የሚወስደው ማጣቱ የበኩላቸውን ወስደዋል። አስቀድሜ «ሕመሙ ያልወሰደበትን እኛ እንዳንወስድበት» ያልሁት ነገር የትሕትና ቃል ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል። የሚወሰደው ዕድሜ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ የሚያስደንቅ ቃል አለው። ሕጉ አንድ ሰው በገሃድ የታወቀ ዕብድ የሚባለው መቼ እንደ ሆነ ሲደነግግ፥ አንዱ ምልክት በዕብደቱ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰለው ቤት መኖሩ ነው ይላል። ሕዝባቸው ከ2000 ለሚያንስ ቀበሌዎች ደግሞ ሌላ ምልክት ሰጠ፤ ይኸውም ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁት፥ እንደ ልቡም እንዳይዘዋወር የሚከለክሉት እንደ ሆነ ነው። የሕጉ አሳብ ክፉ አይደለም፤ ከሕመምተኛው ጋር የሚዋዋሉ ሰዎች ነገሩን አውቀው እንዲጠነቀቁ፥ እርሱም እንዳይታለል ነው። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ በትንሽ መንደር የአንድ ሰው ዕብደት የሚታወቅበት ምልክት የተገኘው በሕመምተኛው ላይ አይደለም፥ በዙሪያው ባሉት ሰዎች እጅ ነው። ሕግ አውጪው የመንደርን ጠባይ በደንብ አውቋል። በመንደር ውስጥ ሰው ዕብድ የሚሆነው ሌሎቹ እንደ ዕብድ በያዙት ጊዜ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ሥልጣን በእጃችን ካለ፥ ተጠያቂነቱም በእጃችን ነው።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ተቃውሟቸውም ዝም ብሎ የሚናቅ ስላልሆነ አንድ በአንድ ልመልስ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዕብድ አደገኛ ነው፤ ቢጠጉት ይማታል፤ ባይታሰር ቤት ያቃጥላል» የሚል ነው። ይህ ከቶ አይሆንም አልልም። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት የሚማታ አለ፤ ሌሊት ወጥቶ ጅብ የሚበላው፥ ገደል የሚገባም አለ። ልጁን በሰንሰለት ያሰረች እናት ጨካኝ ናት ብዬ አልፈርድባትም፤ ብዙ ጊዜ የምታስረው እንዳይሞትባት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር መታሰብ አለበት። አንደኛ፥ ከነዚህ ሕመምተኞች የሚበዙት በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም። ድንጋይ የወረወረ ዕብድ ወሬው ሰባት ቀበሌ ይሰማል፤ የተወረወረበት ዕብድ ግን ወሬ የለውም። ሁለተኛ፥ ሰንሰለት የሚያስፈልገው ሌላ መንገድ ስለ ታጣ ነው። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ፥ ወደ ሕክምናው ከመጡት ከባድ ሕመምተኞች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል በቀደመው ዓመት የታሰረ ነበረ። ሕክምና ከጀመሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የታሰረው ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር በ2019 ታትሟል። ሰንሰለቱን የፈታው ስብከት አይደለም፤ በእግር ሊደረስበት በሚችል ቦታ የተገኘ መድኃኒትና የሚከታተል ሰው ነው። እንግዲህ «አደገኛ ነው» የሚል ሰው እውነት አደጋውን የሚፈራ ከሆነ፥ ገመድ ከሚያቀብል ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ቢያሳይ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የመንፈስ ነገር ነው እንጂ የሐኪም አይደለም» የሚል ነው። ዛር ነው፥ ዐይነ ጥላ ነው፥ መተት ነው የሚለው ብዙ ነው። እኔ የማንንም እምነት ለመንካት አልጽፍም። ወደ ጸበል የሚሄደው ክርስቲያን፥ ዱዓ የሚያስደርገው ሙስሊም፥ ሁለቱም የሚሄዱት ተስፋ ፍለጋ ነው፤ ተስፋም ለሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጸበል የጠጣ ሰው ክኒን መዋጥ የለበትም የሚል ትእዛዝ ከየት መጣ? በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ፥ ሐኪምን አክብሩት፥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው ብሎ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በአዲስ አበባ በአንድ የጸበል ስፍራ የአእምሮ ሐኪሞችና የጸበሉ ካህናት ተስማምተው፥ ሕመምተኛው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ እንዲያገኝ ለማድረግ ችለዋል። ካህኑና ሐኪሙ ከተስማሙ በመካከል ሆነን የምንከለክል እኛ ማን ነን? ደግሞስ ነገሩ የመንፈስ ነው ብንል እንኳ፥ መንፈስ የያዘውን ሰው አትጠይቁት፥ አታብሉት፥ ሳቁበት የሚል ሃይማኖት የቱ ነው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ነው። «ዕብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» ይባላል። ይህ ተረት ለሕመምተኛው የመዳንን በር የሚዘጋ ነው። ተነሥቶ ልብሱን አጥቦ፥ ጠጕሩን ተላጭቶ፥ ሥራ ፍለጋ የወጣውን ሰው መንደሩ ሁሉ እኩለ ቀንን እየጠበቀ ያየዋል። ቢቈጣ «ይኸው ጀመረው» ይባላል፤ ቢስቅ «ይኸው ጀመረው» ይባላል፤ ዝም ቢል «ሊነሣበት ነው» ይባላል። ደኅና ሰው የተፈቀደለት ቍጣና ሳቅ ለእርሱ ተከልክሏል። አሠሪው ይፈራዋል፤ የሚያገባው ያጣል። መድኃኒቱን ሲውጥ ሰው እንዳያየው ይደብቃል፤ ከዚያም ከነጭራሹ ይተወዋል፤ መድኃኒቱን የተወ እንደ ሆነ ደግሞ ሕመሙ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ መንደሩ «አላልንም ወይ?» ይላል። ተረቱ እውነት ሆኖ የተገኘው እኛው እውነት ስላደረግነው ነው። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ከነዚህ ሕመምተኞች ብዙዎቹ መድኃኒት፥ ዕረፍትና ሥራ ሲያገኙ ይሻላቸዋል፤ አንዳንዱ ፈጽሞ ይድናል፤ አንዳንዱ እንደ ስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን እየወሰደ ዕድሜውን በደኅና ይኖራል። የስኳር ሕመምተኛውን «እስከ እኩለ ቀን ነው» የሚለው የለም።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ታሪኮችን ማስታወስ እፈልጋለሁ። አንደኛው የባቢሎን ንጉሥ የናቡከደነፆር ታሪክ ነው። ትንቢተ ዳንኤል እንደሚተርከው፥ ንጉሡ አእምሮውን አጥቶ ከሰው ተለይቶ እንደ እንስሳ ሣር እየበላ ኖረ። ዘመኑ ተፈጽሞ አእምሮው በተመለሰለት ጊዜ ግን አማካሪዎቹና መኳንንቱ ፈለጉት፤ በመንግሥቱም ላይ ጸና። ስብከት የሚሰጠው ንጉሡ ስለ ትዕቢቱ መቀጣቱን ነው፤ እኔን ግን የሚያስደንቀኝ መኳንንቱ ናቸው። «ሣር ሲበላ አይተነዋልና እንዴት ይገዛናል?» አላሉም። ቦታው ቈይቶት ነበረ።

ሁለተኛው በማርቆስ ወንጌል የተጻፈው፥ በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው የጌርጌሴኖን ሰው ታሪክ ነው። የአገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በሰንሰለት አስረውት ነበር። ጌታ ግን ስሙን ጠየቀው። በዳነም ጊዜ ሰዎቹ መጥተው ልብሱን ለብሶ፥ አእምሮው ተመልሶለት፥ ተቀምጦ አዩት። በዚህ ጊዜ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ እነርሱ ግን ፈሩ። ዕብድ ሆኖ ሳለ ለምደውት ነበር፤ ደኅና ሆኖ መቀመጡ አስፈራቸው። የዳነውን ሰው መፍራት እንግዲህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ጌታም ሰውዬውን ወደ ሌላ አገር አልወሰደውም፤ ልከተልህ ብሎ ቢለምነው እንኳ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሰደደው። መዳኑ የሚፈጸመው በዚያው በሚያውቁት ሰዎች መካከል ቦታውን ሲይዝ ነውና።

«ይህ የቅዱሳት መጻሕፍት ነገር ነው፤ በሰው ዘንድ አይሆንም» የሚል ቢኖር፥ በቤልጅግ አገር ጌል የምትባለውን ከተማ ልጥቀስለት። በዚያች ከተማ የቅድስት ዲምፕና ቤተ ክርስቲያን አለች። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ፥ ልክ በእኛ አገር ወደ ጸበል እንደሚኬደው ሁሉ፥ አእምሯቸው የታመመ ሰዎች ለመዳን ወደዚያ ይመጡ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ማደሪያ ሲጠባቸው የከተማው ሰዎች በየቤታቸው ተቀበሏቸው። ሕመምተኞቹ ከባለቤቶቹ ጋር በአንድ ገበታ በሉ፤ አቅም ያለው በእርሻና በቤት ሥራ ረዳ። በአውሮፓ ዘመን አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በዚያች ከተማ ቤቶች የሚኖሩት ሕመምተኞች ከ3000 በላይ ደርሰው ነበር። ቍጥራቸው ዛሬ እጅግ ቢያንስም ልማዱ አልጠፋም። የጌል ሰዎች ከእኛ የተለየ ልብ አልተሰጣቸውም። የጀመሩት እኛ በምናውቀው ነገር፥ እንግዳ በመቀበል ነው።

ወጣት አንባቢዎቼ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ «እኛ ምን እናድርግ? ሐኪም አይደለን፥ ሹም አይደለን» ትሉ ይሆናል። ሐኪሙና ሹሙ የራሳቸው ሥራ አለባቸው። በአገራችን የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ከአማኑኤል ወጥቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎችም እየገባ ነው። የቀረው ሥራ ገና ብዙ ነው። ነገር ግን ሐኪም ሊሠራው የማይችል፥ ጎረቤት ብቻ የሚሠራው ሥራ አለ።

አንደኛ፥ በስሙ ጥሩት። «ዕብዱ» የሚለው ቃል ሕመሙን የሰውዬው ስም ያደርገዋል። ወባ የያዘውን «ወባው» ብለን አንጠራውም። ሁለተኛ፥ ቤተ ሰቡን ጠይቁ። ወደ ሕመምተኛው ለመግባት ብትፈሩ እንኳ ወደ እናቱ ግቡ፤ ቡና አፍሉላት፤ «ምን ተሻለው?» በሏት። በዚያ ቤት ለዓመታት ይህን ቃል ያልሰማች እናት ትኖር ይሆናል። ሦስተኛ፥ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ። መንገዱን ብቻውን የሚፈራ ሰው ከባልንጀራው ጋር አይፈራም። አራተኛ፥ በስልካችሁ አትቅረጹት፤ ሌላው የቀረጸውንም ለሌላ አታስተላልፉ። ያ ሰው ነገ ሲሻለው ያንን ምስል ያየዋል፤ ልጆቹም ያዩታል። አምስተኛ፥ ሲሻለው እኩለ ቀንን አትጠብቁበት። እንደ ሰው ይቈጣ፥ እንደ ሰው ይሳቅ፥ እንደ ሰው ይሳሳት።

ከነዚህ ሁሉ የሚከብደው አምስተኛው ነው። በታመመ ጊዜ ማዘን ለብዙ ሰው ይቻለዋል። በዳነ ጊዜ ግን ዕቃ አምኖ ማስያዝ፥ በማኅበር ጽዋ ማቀበል፥ በሥራ ቦታ ከጎን ማስቀመጥ ልብ ይጠይቃል። ሆኖም ለተስቦው ሕመምተኛ በየዓመቱ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ አዲስ ምግባር እንድንማር የጠየቀን የለም። የምናውቀውን ደግነት እስከ ዛሬ ወዳልደረሰበት ቤት ማድረስ ብቻ ነው። ከማኅበሩ መካከል አንዱ አእምሮው ታሞ የቀረ እንደ ሆነ፥ ወንበሩን አታንሡበት። በተመለሰም ጊዜ ከበር ቆሞ ዓይን ዓይናችንን እንዳያይ፥ ከመካከላችን አንዱ ቀደም ብሎ ይነሣና «ቦታህ ይኸውና፥ ተቀመጥ» ይበለው።